ማሳው አንድ፣ ረድፉ ሁለት

ስሙኝ ጎበዝ! ዛሬ የምተርክላችሁ የጦር ሜዳ ወሬ አይደለም፤ የድምር ወሬ ነው። «የድምር ወሬ ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል ካለ ጎጃም ውስጥ በድምር ምክንያት ጥይት እንደተተኮሰ ያልሰማ ነው። እሱም ይመጣል፤ ብቻ ቀስ በሉ።

መጀመሪያ ወደ ሰከላ እንውጣ። ከግሽ ተራራ ሥር፣ ከረግረጉ መሀል፣ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን በአደራ ሰጥተውት ሳይረጥቡ መለሰላቸው የሚባለው ምንጭ አለ። ውሃው ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ይወርዳል። የሰከላ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ይጠመቅበታል፤ ከብቱን አጠገቡ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1618 ጴድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ከአፄ ሱስንዮስ ሰዎች ጋር መጥቶ አየውና ጻፈው። ከ152 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1770፣ ጀምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ደረሰ። ይኸኛው ከእኔ በፊት ቦታውን የረገጠ አውሮፓዊ የለም ብሎ ክርክር ገጠመ፤ የፓኤዝንም ምስክርነት ሊያጣጥል ብዙ ቀለም ጨረሰ።

እንግዲህ አንድ ሰው የተጓዦችን መዝገብ ከምንጮች መዝገብ ጋር አጋጥሞ «የዓባይ ምንጭ ስንት ነው?» ብሎ ኮምፒውተር ቢጠይቅ፣ «ሁለት» ይለዋል። ፓኤዝ ያየው አንድ፣ ብሩስ ያየው አንድ። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ ረድፍ ቁጠር ተባለ፣ ረድፍ ቆጠረ። ግሽ ዓባይ ግን አንድ ነው። የዛሬው ጉዳይ ይህ ነው።

አሁን ከሰከላ ወርደን ወደ መሬቱ ነገር እንግባ።

ጎጃም ውስጥ ሰውን ከመሬት ጋር አጋጥሞ መቁጠር ድሮም ያስቸግር ነበር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጋ ዳሞት ገብቶ የርስትን ሥርዓት አጠና፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ያየው ነገር ለእናንተ አዲስ አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አንድ ሰው በአባቱ በኩል ከአንድ አቅኚ፣ በእናቱ በኩል ከሌላ፣ በአያቱ በኩል ደግሞ ወንዝ ማዶ ካለው ሦስተኛ ይወለዳል። እና የየአቅኚውን ተወላጆች ቆጥሮ ድምሩን «የአገሩ ሕዝብ» ቢል፣ አገሩ በአንድ ሌሊት በሦስት እጥፍ ይወልዳል! ያው ሰውዬ ሦስት ቦታ ተቀምጧልና።

መቆጠርና መለካት ያስፈራም ነበር። ብዙው ጠቅላይ ግዛት በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ ማለት ነው፣ ሲለካ ጎጃም መሬቴን አላስለካም ብሎ ኖረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀና ገማቾች ወደ ገጠር ሊወጡ ሲሉ ባላገሩ «ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፤ የለካ ይወስዳል» ብሎ አመፀ። ሞጣና ቢቸና ተነሡ፤ እሳቱ ዳሞትም ደረሰ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። የድምር ወሬ ጥይት ያስተኩሳል ያልኳችሁ ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ ልለፈው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ መጣ፤ አንዱ ተቀነሰበት፣ ሌላው ተጨመረለት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። በየቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ተመረጠ፤ አዋሳኞች ቆመው መሰከሩ፤ ማሳው በገመድ ተለካ። ልብ በሉ፣ ገመድ ነው! ገመድ ደግሞ ቁጥርን ያጠጋጋል፤ ሩብ ሄክታር፣ ግማሽ ሄክታር፣ አለቀ። በጥማድ ለለመደ ገበሬም ሩብ ሄክታር አንድ ጥማድ ያህል ነውና አፉ ላይ ይቀናዋል። ይህችን የሩብና የግማሽ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ ታፈላለች።

ሌላም አንድ ነገር ያዙልኝ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም እኩል ተጻፈ፤ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ተለጠፈ። ለሴቶች ትልቅ ነገር ነበር። ባል ብቻውን ተነሥቶ ማሳውን ላከራይ ቢል፣ የእሷም ስም እዚያው ቁጭ ብሏል። የሆነው ሆኖ፣ ኮምፒውተሩ የሚደናገረው እዚህች ላይ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ሲመጣ ገመዱ ቀረና የአየር ፎቶ ተዘረጋ፤ ማሳው በካርታ ላይ ተሠመረ፤ የራሱ መለያ ቁጥር ወጣለት። ወረቀቱ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ። ዳታቤዝ ሁሉን በአንድ ደብተር አያጭቅም፤ በሰንጠረዥ ይለያያል። አንዱ ሰንጠረዥ የማሳ ነው፤ ቁጥሩ፣ ቀበሌው፣ ስፋቱ። ሁለተኛው የባለይዞታ ነው፤ ስሙ፣ ጾታው፣ ዕድሜው። ሦስተኛው የትኛው ሰው የትኛውን ማሳ እንደያዘ የሚያገናኝ ነው። የሚፈለገው መረጃ በጥያቄ ይወጣል፤ የሞያው ሰዎች ኩዌሪ ይሉታል። ሰንጠረዦቹን አጋጥሞ ይደምራል።

አሁን ትረካው ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ ላስገባ። ስም አልሰጠውም፣ ወረዳም አልሰጠውም፤ ትረካ ነውና እናንተ የምታውቁትን ልጅ ፊት አልብሱት። ከዞን ስልክ ይደወላል፦ «ቀበሌ በቀበሌ፣ የባለይዞታ ብዛትና የይዞታ ስፋት፣ እስከ ነገ ጠዋት!» ልጁ ሦስቱን ሰንጠረዦች ያጋጥማል፤ ባለይዞታውን ቁጠር፣ ስፋቱን ደምር ይላል። ሰንጠረዡ ከች ይላል። አትሞ ሲይዘው አንድ የቀበሌ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽማግሌ ለሌላ ጉዳይ መጥተው ኖሯል።

«ልጄ፣ የእኛን ቀበሌ አንብብልኝ እስቲ።»

ያነብላቸዋል።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ዝም አሉ። «ይህን ያህል መሬት ከየት አመጣኸው?»

«ከኮምፒውተሩ ነው አባባ።»

«ኮምፒውተርህ የማንን ቀበሌ ነው የለካው? እኔ ኮሚቴ ሆኜ ገመድ የጎተትሁበት አገር ነው። ተራራውን ብትደምር፣ የግጦሹን ብትደምር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ብትደምር እዚህ አይደርስም።»

ልጁ ብልህ ነው፤ አልተከራከረም። ሦስት ደብተር ብቻ አወጣና በእጁ ሊደምር ተቀመጠ። እኛም አብረን እንደምር።

የመጀመሪያው ደብተር የባልና ሚስት ነው። አራት ማሳ አላቸው፦ ጓሮው 0.12 ሄክታር፣ የበቆሎው 0.50፣ የዳጉሳው 0.25፣ የበርበሬው 0.25። ድምሩ 1.12። ሁለተኛው የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነው፤ 0.50 እና 0.25፣ ድምሩ 0.75። ሦስተኛው አባታቸው የሞተባቸው አምስት ወንድማማችና እህትማማች በጋራ የወረሱት አንድ ማሳ ነው፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት፤ ስፋቱ 0.50። ሰባት ማሳ፣ ስምንት ሰው፣ ጠቅላላው 2.37 ሄክታር።

ኮምፒውተሩ ግን ሲያጋጥም እያንዳንዱን ማሳ ከእያንዳንዱ ባለይዞታ ጋር ረድፍ ይሰጠዋል። የባልና ሚስቱ አራት ማሳ ስምንት ረድፍ ሆነ። የእናትየዋ ሁለቱ ሁለት ሆነው ቀሩ። የወራሾቹ አንድ ማሳ አምስት ረድፍ ሆነ። አሥራ አምስት ረድፍ! ስፋቱን ደምር ሲባልም 2.24 እና 0.75 እና 2.50 ደምሮ 5.49 ሄክታር አለ። ሽማግሌው ልክ ነበሩ።

«ባልና ሚስት ሁለት ስለሆኑ ነው፤ እንግዲያው ለሁለት ላካፍለው» አለ ልጁ። 5.49 ለሁለት 2.745 ነው። አሁንም አልገጠመም። አይገጥምምም። ጥፋቱ ለሁሉም እኩል አይደለማ! የእናትየዋ መሬት ልክ ነው፣ የባልና ሚስቱ እጥፍ ነው፣ የወራሾቹ አምስት እጥፍ ነው። ይህን የሚያርም አንድ አካፋይ የለም።

ይብስ ብሎ የማሳውን አማካይ ስፋት አየ። ትክክለኛው 2.37 ለሰባት፣ 0.34 ገደማ ነው። የተሳሳተው 5.49 ለአሥራ አምስት፣ 0.37 ገደማ። አያችሁ ተንኮሉን? ድምሩ ከእጥፍ በላይ ሸፍቶ ሳለ አማካዩ ጨዋ መስሎ ተቀምጧል። አማካዩን ብቻ የሚያይ አለቃ «ጎሽ» ብሎ ይፈርማል።

ልጁ ጓደኛው ዘንድ ደወለ። ጓደኛው አዲስ አበባ ሶፍትዌር ይሠራል። «ቀላል ነው፣ ዲስቲንክት ጨምርበት፤ የተደጋገመውን ይጥልልሃል» አለው። ዲስቲንክት ከሚመሳሰሉት አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን የሚያስወጣ ትእዛዝ ነው። ልጁም ስፋቱን ከመደመሩ በፊት ዲስቲንክት አደረገበት። ያ የሩብና የግማሽ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ ስፋቶቹን አየ። 0.12 አንድ። 0.50 አንድ። 0.25 አንድ። የቀረው «የተደጋገመ» ነው ብሎ ጣለው። የዳጉሳው ማሳና የበርበሬው ማሳ ሁለቱም 0.25 ስለሆኑ አንዱ ጠፋ፤ የእናትየዋ ሁለት ማሳ እንዳለ ጠፋ፤ የወራሾቹም ጠፋ። ድምር፦ 0.87 ሄክታር። አምስት ነጥብ አራት ዘጠኝ የነበረው አገር ከአንድ ሄክታር በታች ሆነ። ቀድሞ መሬት ከአየር ሲያመጣ የነበረ ኩዌሪ አሁን የሙት ልጅ መሬት ነጠቀ። ገመድ ቁጥሩን ባጠጋጋው አገር፣ ስፋቱ የተመሳሰለ ሁሉ አንድ ማሳ አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ከሁለቱ ስሕተቶች ይኸኛው የከፋ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ሽማግሌውን ያስደነግጣል፣ ያነሰ ቁጥር ግን «ገበሬው ደብቆ ነው» እየተባለ ያልፋል።

ይህ የጎጃም ልጅ ጥፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ ከመሠረቱ ጀምሮ ያከራከረ ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለ በአይቢኤም የሚሠራ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1970 የዛሬውን ዓይነት ዳታቤዝ ሐሳብ ሲያቀርብ ሰንጠረዥን እንደ ሒሳብ ስብስብ ነበር ያየው፤ በስብስብ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይገኝም። ከአራት ዓመት በኋላ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የዛሬው የኩዌሪ ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ የበቀለበትን ቋንቋ አወጡ፤ ኋላም በዚያ ቋንቋ ድግግሞሹ ይቆይ፣ ይውጣ ያለ ራሱ ይዘዝ ተባለ። ድግግሞሽን ማስወጣት ሁሉን ረድፍ መደርደርና ማነጻጸር ይጠይቃል፤ ለዚያ ዘመን ማሽን ከባድ ሸክም ነበር። ደግሞም አማካይ ሲወጣ ሁለት ሰው እኩል ደመወዝ ቢኖረው አንዱን መጣል ስሕተት ነው። እንደ እኔ ፍርድ ሁለተኛው ምክንያት ልክ ነበር፤ የበርበሬው ማሳ ምስክር ነው።

ታዲያ ልጁ ምን አደረገ? ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ፦ «አንዱ ረድፍ ምንድን ነው? ማሳ ነው? ሰው ነው? ወይስ ሰው-ከነማሳው?» ስፋት የማሳ ንብረት ነው፤ እንግዲያው ስፋት የሚደመረው ማሳ በአንድ ረድፍ በተቀመጠበት ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደመረ፤ በቀበሌ ሰበሰበ፤ 2.37 ወጣ። ሰዎቹን ለብቻ ቆጠረ፤ እዚህ ላይ ዲስቲንክት ልክ ሆኖ ገባ፣ ምክንያቱም የቆጠረው የሰውን መለያ ቁጥር ነው፤ ስምንት ወጣ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለቱን ድምሮች በቀበሌ ስም አጋጠማቸው። መጀመሪያ በየራሱ ደምሮ ኋላ ማጋጠም እንጂ፣ አጋጥሞ ከደመሩ በኋላ ድግግሞሹን ማሳደድ አይደለም።

ዞኑ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጨመረ፦ «በሴቶች ስም የተያዘው መሬት ስንት ነው?» ሴቶቹን አጋጥሞ ቢደምር የሚስት 1.12፣ የእናትየዋ 0.75፣ የሁለቱ እህቶች ሁለት ጊዜ 0.50፤ 2.87 ይመጣል፣ ከጠቅላላው መሬት በላይ! እዚህ ማጋጠም አያስፈልግም፤ ለየማሳው «ቢያንስ አንዲት ሴት ባለይዞታ አለችበት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «አለች» ከሆነ ማሳው አንድ ጊዜ ይገባል። 2.37 ሆነ፤ ሴት የሌለችበት ማሳ የለማ። ለወንዶች ቢጠየቅ 1.62። አለቃው «ሁለቱ ሲደመሩ 3.99 ነው፣ ጠቅላላው 2.37 ነው፣ አይገጥምም» ብሎ ይቆጣል። አይግጠም! በጋራ የተያዘ መሬት በሁለቱም ዓምድ ይገባል። ለማስገጠም ሲባል የባልና ሚስቱን 1.12 ቆርጦ 0.56 ለእሱ፣ 0.56 ለእሷ መጻፍ ደብተሩ ያላለውን ማለት ነው። ከሰንጠረዡ ሥር አንድ መስመር ማስታወሻ መጻፍ ይበቃል።

እስካሁን የነገርኳችሁ በማጋጠም የሚወለደውን ድግግሞሽ ነው። ከጽሑፍ የሚወለድም አለ፤ እሱ ደግሞ የእኛው ፊደል ስጦታ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ግሽ ዓባይ» ይላል፣ ሌላው «ግሽ አባይ»፣ ሌላው «ግሽ ዐባይ»። «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተሰላም»። «ጃቢ ጠህናን» እና «ጃቢጠሕናን»። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሦስት ባዕዳን ፊደላት ናቸው። በቦታ ስም ሰብስብ ሲባል አንዱን ከተማ ሦስት ከተማ ያደርገዋል፤ ዲስቲንክትም እነዚህን አይቶ ምንም አይልም፤ በዓይኑ ይለያያሉና።

ለቦታ ስም መፍትሔው የቀበሌ ኮድ ነው፤ በስም አትሰብስቡ። ለሰው ስም ግን ይከብዳል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው፣ ክፍት ቦታውም ተዘግቶ ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚሆን ስውር ዓምድ ይሠራል። ዋናው ስም እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ኃይሉ ብላ እናቱ ያወጣችለትን ሀይሉ ብሎ ደብተሩ ላይ ማተም ድፍረት ነው። ሁለት ስም ገጠመ ተብሎም አንዱን መሰረዝ አይገባም። የቤተሰብ ስም የሌለው አገር ነው፤ አንድ ቀበሌ ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ጎረቤታሞች ሞልተዋል። የአያት ስም፣ የደብተር ቁጥር፣ አዋሳኝ ይታይ፤ የመጨረሻውን ቃል ደግሞ እንደዚያ ሽማግሌ ያለ ሰው ይናገር።

«ፋይዳ መጣ አይደለም ወይ? እሱ አይፈታውም?» ትሉኝ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ ሰውን በስሙ አይለይም፤ በአሥር ጣት አሻራው፣ በዓይኑ ብሌንና በፊቱ ነው የሚለየው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ልመዝገብ ቢል አሻራው ያጋልጠዋል፤ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሩም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ሰውዬ በሦስት ፊደል ሦስት ሰው የማድረጉን ነገር ሊያስቀረው ይችላል። የባልና ሚስቱን ማሳ ግን አይነካውም። ባልም እውነተኛ ሰው ነው፣ ሚስትም እውነተኛ ሰው ናት፣ ሁለቱም ትክክለኛ የፋይዳ ቁጥር ይኖራቸዋል፤ ማሳውም ሲጋጠም ያው ሁለት ረድፍ ይሆናል። መረጃው ፍጹም ንጹሕ ሆኖ ድምሩ የሚሳሳተው እንዲህ ነው።

እና እናንተ ከየወረዳውና ከየቀበሌው ሪፖርት ተቀብላችሁ የምትፈርሙ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሄክታሩ ጎን ሁለት ቁጥር አስጨምሩ፤ አንዱ የማሳው ብዛት፣ ሁለተኛው ድምሩ የተወሰደበት የረድፍ ብዛት። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሪፖርቱን ለልጁ መልሱለት፤ ፊርማችሁንም አቆዩ።